ሻወር ቤት ውስጥ ሥዕል የሰቀለ ሰው አለ?

የቱሉዋ (ግንቦት 12)

ሰላም ለዚህ ቤት። እንዳትስቁብኝ ብቻ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ቤቱን እንደ አቅሜ ቀስ በቀስ ሳሳምር ቆይቼ አሁን ሻወር ቤቱ ላይ ደረስኩ። ሴራሚኩ እስከ ደረቴ ድረስ ሄዶ ይቆማል። ከዚያ በላይ ነጭ ቀለም ነው። መቀመጫው ላይ ቁጭ ሲባል ፊት ለፊት አንድ ባዶ ግድግዳ አለ። እኔ አየዋለሁ፣ እሱ ያየኛል። ሁለት ዓመት ተፋጠጥን።

የምሰቅለው አላጣሁም። እጄ ላይ ሦስት ነገር አለ። አንደኛው አክስቴ ከጎንደር ያመጣችልኝ፣ የፍየል ቆዳ ላይ የተሳለ ሥዕል ነው። ቡና የምታፈላ ሴት። ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ፎቶ ነው፤ ፍሬሙ ባለ መስታወት። ሦስተኛው የስድስት ዓመት ልጄ ወረቀት ላይ የሳለችው ዓሣ ነው። ዓሣው ኮፍያ አድርጓል።

የቱ ይሻላል? ደግሞስ እርጥበቱን ይችላሉ ወይ?

አቦ ተወኝ

መጀመሪያ ውሃ ይምጣ እህቴ! እኛ ጋ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ግድግዳውን ለጀሪካን መደርደሪያ አድርጊው።

የቱሉዋ

ሃሃ፣ እኛም ጋ በፈረቃ ነው። አንድ በርሜልና አራት ቢጫ ጀሪካን ከሻወሩ ወጥተው አያውቁም። ለዚያም እኮ ነው፣ ቀና ስል እንኳ ሌላ ነገር ልይ ያልኩት።

የለገጣፎው ሠዓሊ

የፍየል ቆዳውን እዚያ እንዳትሰቅዪው። እለምንሻለሁ።

ቆዳ እያልን እንጠራዋለን እንጂ እንደ ጫማ ቆዳ የለፋ አይደለም። ብራና ነው። ተዘፍዝፎ፣ እንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ እንደተወጠረ የደረቀ። ያን ቀጥ ያለ ገጽ የሰጠው ውጥረቱ ነው። እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሻወር በከፈትሽ ቁጥር ይኸው ነው። ቀለሙ ደግሞ አብሮት አይለጠጥም፤ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። አንድ ደንበኛዬ ሻወር ቤት እንኳ ሳይሆን ኩሽና፣ ምድጃ አጠገብ ሰቅላው ነበር። ስታመጣልኝ ጠርዙ ፀሐይ ላይ እንደ ቆየ እንጀራ ተጠቅልሏል። ላስተካክለው ሞከርኩ፤ የሴትዮዋ አፍንጫ እጄ ላይ ቀረ።

ሸራ ላይ የተሳለም ብዙ አይሻልም። ፊቱ በቀለምና በቫርኒሽ ቢሸፈንም ጀርባው ክፍት ነው። በጀርባው ይጠጣል። በየቤተ ክርስቲያኑ የምናየው ብዙው የድሮ የግድግዳ ሥዕል ጨርቅ ላይ ተስሎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። ጣሪያው ማፍሰስ የጀመረ ቀን መጀመሪያ የሚያብጠው እሱ ነው። የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ እስከ ዛሬ የቆየልን ማንም ውስጡ ሻወር ስላልከፈተ ነው :)

ፎቶው በምን እንደታተመ አጣሪ። ጣትሽን አርጥበሽ ፍሬሙ የሚሸፍነውን ጠርዙን ብቻ ነካ አድርጊው። ቀለሙ ጣትሽ ላይ ከወጣ ሳሎን ይቀመጥ። ካልወጣ መነጋገር ይቻላል።

እማማ ከአያት

ልጆቼ፣ እኔ መበላሸቱን ትቼ ሌላ ነገር ልጠይቅ። ቡና የምታፈላ ሴት ሽንት ቤት ውስጥ? አበስኩ ገበርኩ! ረከቦቱ ተዘርግቶ፣ ጀበናው ተጥዶ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ ፊት ለፊቷ ደግሞ ሰው ተቀምጦ... ኧረ ተዪ ልጄ። የሚበላና የሚጠጣ ነገር እዚያ አይሰቀልም። የቅዱሳን ሥዕልማ ይቅርና። የወላጅ ፎቶም አይሆንም። እኔ የአማቴን ፎቶ ውስጥ እንኳ ሳይሆን ኮሪደር ላይ፣ ከሻወሩ በር አጠገብ ብሰቅል ሦስት ወር አኩርፈውኛል። ምክንያቱን የነገሩኝ በአራተኛው ወር ነው።

ሰሚራ ዓለም ባንክ

እማማ እውነትዎን ነው። እኛም ጋ የአላህ ስም ያለበትን ነገር እዚያ ይዞ መግባት አይወደድም። ታዲያ አንዴ ምን ሆነ መሰላችሁ። ጎረቤቴ አዲስ ቤት ገብታ እንኳን ደስ አለሽ ልንል ሄድን። እጄን ልታጠብ ሻወር ቤት ገባሁ። ከመስታወቱ በላይ በወርቃማ ፍሬም የዐረብኛ ጽሑፍ ተሰቅሏል። ዱዓ ነው! እጄን ሳልታጠብ ተመልሼ ወጣሁ። ሴትዮዋ ክርስቲያን ናት፤ እሷ እኮ የገዛችው የአበባ ሐረግ መስሏት ነው። ስነግራት ልትሞት ደረሰች። አሁን እኔ ሳሎን ነው ያለው፣ ሰጠችኝ።

ስለዚህ ጽሑፍ ያለበት ጌጥ ከሆነ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን አስነብቢው።

አቦ ተወኝ

ጢስ ዓባይም አይሆንም። ውሃ በሌለበት ቀን ፏፏቴ እያየሁ በጣሳ ልታጠብ? ስድብ ነው።

የለገጣፎው ሠዓሊ

ወንድሜ፣ እሱም እኮ በፈረቃ ነው። ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ሄደህ ብታየው ይሳሳል። እንደውም ከእኛ ቤት ጋር ይሄዳል።

የጀሞው ልጅ

የእኔን ስሙና ተማሩ። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ሦስት የአበባ ፎቶዎች በደንብ ፍሬም አስደርጌ ሰቀልኩ። ፍሬም ሠሪውን «ለሻወር ቤት ነው» ብዬ ነግሬዋለሁ። «ምንም አይሆንም፣ ባለ መስታወት ነው» አለኝ። ሐምሌ ላይ መስታወቱ ከውስጥ በኩል ማላብ ጀመረ። ከውስጥ ስለሆነ መጥረግ አይቻልም። ነሐሴ ላይ ወረቀቱ ሞገድ ሠራ። መስከረም ላይ ሳወርደው ከጀርባ ያለው ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀው ሰሌዳ) እንደ ድፎ ዳቦ አብጦ፣ ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ሻጋታ ሠርቷል። ልክ በፍሬሙ ልክ! ሰውዬው ጋ ወስጄ ሳሳየው «ውሃ ነክቶት ነው» አለኝ። ሻወር ቤት ውስጥ ውሃ ነክቶት።

መስታወቱ ሲወርድ ደግሞ አምልጦኝ ተሰበረ። ባዶ እግሬን ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ መስታወት ያለበት ነገር ሻወር ቤት አላስገባም።

የሰበታው መሐንዲስ

ጀሞ፣ ይህ የአንተ ጥፋት አይደለም፤ የግድግዳው ነው። ላስረዳ።

አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ክረምቱም ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። የኮንዶሚኒየም የውጭ ግድግዳ ደግሞ ብሎኬትና ልስን ብቻ ነው። የውጩን ብርድ ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ትኩስ እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ፍሬም ግድግዳው ላይ ጥብቅ ብሎ ሲቀመጥ ከጀርባው አየር አይዞርም። ያ ውሃ እዚያው ይቀራል። ሻጋታ ሌላ ምን ይፈልጋል?

የቱሉዋ፣ አንድ ነገር አድርጊ። ጠዋት ብርዱን ጠብቀሽ ሙቅ ሻወር ውሰጂ። ስትጨርሺ ግድግዳዎቹን በእጅሽ ዳሰስ ዳሰስ አድርጊያቸው። አንዱ ውሃ ይቋጥራል፣ አንዱ ደረቅ ሆኖ ይቆያል። ውሃ የሚቋጥረው ወደ ውጭ የዞረው ነው። ከመኝታ ቤት ጋር የምትጋሩት ግድግዳ የተሻለ ነው የሚሆነው። የምትሰቅዪውን እሱ ላይ ስቀዪ።

ሁለተኛ፣ የጠርሙስ ቡሽ በጣት ውፍረት ቆራርጠሽ በፍሬሙ አራቱም ማዕዘን ጀርባ ለጥፊ። ከግድግዳው ራቅ ይላል፤ አየር ይገባል። ከሻወር በኋላ ደግሞ መስኮቷን ሩብ ሰዓት ያህል ክፈቻት። መስኮት አለሽ አይደል?

የቱሉዋ

አለች። የአንድ መጽሐፍ ስፋት። ግን ትከፈታለች።

ግድግዳውን ደግሞ ፈተንኩት። ልክ ብለሃል! የመስኮቷ ግድግዳ ላይ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከመኝታ ቤት ጋር የምንጋራው ደረቅ ነው። ደስ የሚለው፣ ባዶው ግድግዳዬ ደረቁ ነው። ኮርኒሱ ላይ ግን አንድ ቢጫ እድፍ አለ። እሱ ከእኔ አይደለም፣ ከላይ ነው።

ቧንቧ ሠሪው

አንድ ሰው ድሪል ከማንሳቱ በፊት እኔ ልናገር።

ገላን አካባቢ አንድ ደንበኛ አለኝ። ሻወር ቤቱ ውስጥ ሥዕል ሊሰቅል ፈልጎ ራሱ በሳ። ፊሸሩን ከተተ፣ ብሎኑን አሰረ፣ ሥዕሉን ሰቀለ። ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ሚስቱም አደነቀች። ያን ቀን ውሃ አልነበረም፤ ልብ በሉ። በሦስተኛው ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃ መጣ። ሰውዬው ከእንቅልፉ የነቃው ታች ያለችው ጎረቤት በር ስትደበድብ ነው። ሻወር ቤት ሲገባ ሥዕሉ በጀርባው ውሃ እየተፋ ነው። ብሎኑ ለካ የብረት ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ነበር። እኔ የደረስኩት ንጋት ላይ ነው። ሥዕሉ ባሕር ዳር ነበር።

እና ደንቡ ይኼ ነው። የተቀበረ ቧንቧ ብዙውን ጊዜ ከቧንቧው አፍ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ነው የሚሄደው። ከሻወሩ፣ ከእጅ መታጠቢያውና ከመቀመጫው ቧንቧ ወደ ላይም ወደ ጎንም በሚሄደው መስመር ላይ አትብሱ፤ ከመስመሩ በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ስንዝር ራቁ። የመብራት ሽቦም እንደዚሁ ነው፤ ከማብሪያው ወደ ላይ ወደ ስካቶላው (ሽቦዎቹ ወደሚገናኙበት ሳጥን) ይሄዳል። ውሃ በሌለበት ቀን አትብሱ። ቢነካ እዚያው ልታውቁት ይገባል። ዋናውን መዝጊያ የት እንዳለም አስቀድማችሁ እወቁ።

ሴራሚክ መብሳት የግድ ከሆነ የሴራሚክ መብሻ ግዙ። ቦታው ላይ ወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ እዚያ ላይ ምልክት አድርጉ። መብሻው አይንሸራተትም። የድሪሉን የመዶሻ ምት አጥፉት። ቀስ እያላችሁ፣ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ። የምት ድሪል ሴራሚክ ላይ ካስጀመራችሁ ይሰነጠቃል። ያ ቀለም ያለው ሴራሚክ ደግሞ ገበያ ላይ ዳግም አይገኝም።

እማማ ከአያት

የታችኛዋ ጎረቤት አሳዘነችኝ።

ዓይን አዋጅ

የቤት ውስጥ ዲዛይን እሠራለሁ። ስለ ቁመቱ ማንም አላነሳም።

ኤግዚቢሽን ላይ የሥዕሉ መሐል ከወለሉ 1.45 እስከ 1.50 ሜትር ላይ እንዲውል ይደረጋል። ያ ለቆመ ሰው ነው። እዚህ ግን ተመልካቹ ተቀምጧል :) የተቀመጠ ሰው ዓይን 1.15 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ከሴራሚኩ ጠርዝ አራት ጣት ያህል ብቻ ከፍ አድርገሽ አስጀምሪው። ሰው ሁሉ ኮርኒሱ ሥር ይሰቅልና አንገቱን ያማል።

ሻወር ቤት ጠባብ ነው። ከሥዕሉ የምትርቂው ከአንድ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ደቃቅ ነገር የበዛበት ሥዕል ያደክማል። አንድ ትልቅ ቅርጽ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀለም ይበቃል። አምስት ትንንሽ ፍሬም ከምትደረድሪ አንድ ደህና ነገር። ቢጫ ጀሪካኖቹ ራሳቸው ቀለም ናቸው፤ ልታወጫቸው ካልቻልሽ ቢጫ ያለበት ሥዕል ምረጪ። ታስበው የተቀመጡ ይመስላሉ።

እኔ ብሆን የድሮ የፍልውሃ ፎቶ ነበር የምሰቅለው። ጥቁርና ነጭ። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም የተቆረቆረችው እኮ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወደውት ነው። አዲስ አበባን የወለደው መታጠቢያ ነው። ከዚህ በላይ ለሻወር ቤት የሚስማማ ነገር አላውቅም።

አቦ ተወኝ

ፍልውሃ ግን ይመቻል! ሙቅ ውሃ በሥዕል እንኳ እንይ።

ሰሚራ ዓለም ባንክ

እኔ ደግሞ ሰፌድ ልሰቅል ነበር። እንደ ፀሐይ ክብ፣ ቀይና ቢጫ ያለበት። የሚከለክለኝ ካለ ይናገር።

የለገጣፎው ሠዓሊ

እኔ። ሣር ነው፣ ሰሚራ። ከክረምቱ በፊት ይሸታል። ስፌቱ መሐል የገባ ሻጋታ ደግሞ ታጥቦ አይወጣም፤ የሰው ድካም ነው የሚጠፋው።

ለውሃ የማይበገር ነገር ከፈለጋችሁ ስባሪ ሴራሚክ አለ። ሴራሚክ የሚሸጡት ጋ ተሰብሮ የወደቀ አይጠፋም፤ አንዳንዱ በነፃ ይሰጣችኋል። ቀለም ቀለሙን ለይታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በመዶሻ እየሰበራችሁ፣ በሴራሚክ ማጣበቂያ ግድግዳው ላይ ትለጥፋላችሁ። መሐሉን በነጭ ሲሚንቶ ትሞላላችሁ። ጠርዙ ይቆርጣል፤ ጓንት አድርጉ። ባለቀለም መስታወትም ዕድሜው ረጅም ነው። የአፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽ መስታወት 150 ካሬ ሜትር ነው፤ አዳራሹ ከተመረቀበት ከ1953 ዓ.ም ጀምሮ ቆሟል። የእናንተ ግማሽ ካሬ ይበቃል።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ስለ ዓሣው ለምን ማንም አይናገርም?

ዓይን አዋጅ

እውነት! አንድ ትልቅ ቅርጽ አላልኩም? ዓሣ ነው። ቀለሙ ምንድነው?

የቱሉዋ

ዓሣው ሰማያዊ፣ ኮፍያው ቢጫ። በስክሪፕቶና በከለር ነው የሳለችው፣ ከደብተር ላይ በተቀደደ ወረቀት። ለዚያ ነው የፈራሁት። አንዴ ውሃ ቢነካው አለቀለት።

የለገጣፎው ሠዓሊ

ዋናውን ማን ስቀዪ አለሽ? ዋናው ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፤ ልጅቷ ስታገባ ትሰጪያታለሽ። የሚሰቀለው ግልባጩ ነው።

ስካን አስደርጊው፣ በስልክ አታንሺው። ጥላ ይገባበታል። ከዚያ ማስታወቂያ የሚሠሩት ጋ ውሰጂው፤ እነሱ የሱቅ ታፔላ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ዝናብና ፀሐይ የሚችል ስቲከር ላይ ያትሙልሻል። ላዩ ላይ ላሚኔት ያድርጉበት፣ የማያብለጨልጨውን በይ። ከዚያ ፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉታል። እንጨት የለ፣ ወረቀት የለ፣ መስታወት የለ። ከቆሸሸ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውዪዋለሽ። በረኪና ግን አይንካው።

አክሪሊክ የሚሏችሁ ካሉም ጥሩ ነው፤ እንደ መስታወት አይሰበርም። ግን ይጫጫራል። በአልኮል ከጠረጋችሁት ደግሞ ደቃቅ ስንጥቅ ያወጣል።

የጀሞው ልጅ

ይሄን ዓምና ብትለኝ ምናለበት።

ቧንቧ ሠሪው

ፕላስቲክ ሰሌዳ ቀላል ነው፤ ሁለት ባለ 6 ፊሸር ይበቃዋል። ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር በቀለሙ ላይ አትለጥፊ። እንፋሎቱ ያላቅቀዋል፣ ሲወድቅ ቀለሙን ይዞ ነው።

የቱሉዋ (ጥቅምት 9)

ሰላም ቤተሰብ። ዘገየሁ፣ ይቅርታ። ክረምቱ እስኪያልፍ ጠብቄ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ዓሣው ተሰቅሏል! ሰኔ ላይ አሳተምኩት፣ ስልሳ በአርባ ሴንቲ። የማስታወቂያ ቤቱ ልጅ ፋይሉን ከፍቶ ሲያይ «ድርጅቱ ምንድነው የሚሠራው?» አለኝ። የሱቅ ዓርማ መስሎት። ላሚኔቱን የማያብለጨልጨውን አስደረግኩ። ቧንቧ ሠሪው እንዳለው ውሃ የሚመጣበትን ቀን ጠብቄ ነው ባለቤቴ የበሳው። ስንዝራችንን ለክተን። መዝጊያው ጋ እኔ ቆሜ ነበር፣ እጄን ጭኜ። ምንም አልሆነም። ቡሾቹንም አልረሳሁም። ሐምሌና ነሐሴ አለፉ፤ ትናንት አውርጄ ጀርባውን አየሁት። ደረቅ ነው። ታችኛው ጠርዝ ላይ ብቻ ትንሽ ጠቆር ያለች ነጥብ ነበረች፤ ጠረግኳት፣ ወጣች።

ቡና የምታፈላዋ ሳሎን ገባች፣ ረከቦቱ ከሚቀመጥበት በላይ። እማማ፣ አክስቴ መጥታ አይታ ደስ ብሏታል። ሽንት ቤት ልሰቅላት እንደነበር አልነገርኳትም፤ እርስዎም አይንገሯት። ጢስ ዓባይ በጣት ሲነካ ለቀቀ፤ ኮሪደር ላይ ነው።

አንድ ችግር ብቻ አለ። የጎረቤት ልጆች ዓሣውን ሊያዩ እየገቡ አይወጡም። የተጠራቀመውን ውሃም እየጨረሱብኝ ነው።

እማማ ከአያት

ጎሽ የኔ ልጅ። አክስትሽን አላውቃትም፣ ባውቃትም አልናገርም።

ሰሚራ ዓለም ባንክ

እኔም የሰፌዱን ፎቶ አንስቼ እንደሱ አሳትማለሁ! ሰፌዱ ሳሎን፣ ፎቶው ሻወር። ግን ኮፍያው ለምንድነው? ከግንቦት ጀምሮ ልጠይቅሽ እያልኩ። ዓሣ ኮፍያ ምን ያደርግለታል?

የቱሉዋ

እኔም ጠይቄያት አላውቅም ነበር። አሁን ጠራኋትና ጠየቅኳት። «ከላይ ያሉት ሰዎች ውሃ ስለሚያንጠባጥቡበት ነው» አለችኝ።

ቧንቧ ሠሪው

ያ ቢጫ እድፍ አሁንም አለ ማለት ነው። የላይኞቹን አናግሪያቸው፤ ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ።